ቃሊቲ ላይ የሚያበቃው ሰርቪስ

ዕድሜዬን የጨረስኩት በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ እመዘግባለሁ፣ ጀርባው ላይ ቁጥር እለጥፋለሁ፣ ተማሪ ያዘበራረቀውን መደርደሪያ አስተካክላለሁ። ቤቴ አቃቂ በሰቃ ነው። አባቴ ምድር ባቡር ይሠራ በነበረ ጊዜ የያዛት የቀበሌ ቤት ናት፤ እሱም እናቴም ካለፉ በኋላ እኔ ቀረሁባት። አላገባሁም፣ ልጅም የለኝም። ወንድሜ ሐዋሳ፣ እህቴ ድሬዳዋ ናቸው። በዓል ሲደርስ ይደውላሉ፤ «ደህና ነኝ» እላቸዋለሁ፤ ስልኩ ይዘጋል።

ብቻዬን መኖሬ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቀኝ የቆየው በሰርቪሱ ምክንያት ነው። ዩኒቨርሲቲው ለሠራተኞቹ አውቶቡስ ይከራይ ነበር። የእኛ መስመር ከአቃቂ ይነሳና በቃሊቲ፣ በሳሪስ አድርጎ መሀል ከተማ ግቢያችን በር ላይ ያወርደናል። ጎህ ሲቀድ ፌርማታው ላይ እንገናኛለን፤ ጥበቃው አሉ፣ ጸሐፊዋ አለች፣ የጽዳት ሠራተኞች፣ የሒሳብ ክፍል ሰዎች፣ ሁላችንም እንቅልፋችንን ሳንጨርስ። በቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን የምከፍተው እዚያ ነው። ድምፄ ከማታ ጀምሮ ሳይሠራበት ስለሚያድር «እንደምን አደራችሁ» ለማለት ጉሮሮዬን መጥረግ ነበረብኝ።

ከጎኔ የምትቀመጠው የተማሪዎች ማደሪያ የጽዳት ኃላፊ ነበረች። የስልጤ ልጅ ናት፤ ባሏ አቃቂ ገበያ አጠገብ ሱቅ አለው። ስንሄድ የልጆቿን ነገር ታወራኛለች፤ ስንመለስ ከሳሪስ ጀምራ ትከሻዬ ላይ ትተኛለች። አቃቂ ስንደርስ ነቅታ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ «ዛሬም እንደ ትራስ ተጠቀምኩብሽ» ትለኛለች። ይህን ለዓመታት ሰምቼዋለሁ፤ አንድም ቀን አልሰለቸኝም።

ወደ ማኅበሩ ያስገባችኝም እሷ ናት። የሠራተኞች ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ አዲስ ሥራ አስፈፃሚ ሲመረጥ፣ የሕዝብ ግንኙነት ቦታው ላይ ሲደርሱ ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ማንም አልፈለገውም። ይሄኔ ጓደኛዬ እጇን አወጣችና፣

«እሷ ትሁን! ሰርቪስ ውስጥ ወሬ የምትነግረን እሷ አይደለች እንዴ?» አለች።

ሳቁ፣ አጨበጨቡ፣ ተመረጥኩ። ሥራዬ ቀላል ይመስል ነበር። ማኅበሩ ምን ጠየቀ፣ የበላይ አካል ምን መለሰ፣ የትኛው በጀት ተፈቀደ፣ የትኛው ቀረ፣ ይህን ለአባላት ማድረስ ነው። ቃሊቲ ስንደርስ መንገዱ በጭነት መኪና ይዘጋጋል፤ ያኔ ተነስቼ ከላይ ያለውን ብረት ይዤ እቆማለሁ። ሹፌሩ ሬዲዮውን ይቀንሳል። የደንብ ልብሱ ግዢ የት እንደደረሰ፣ የሠራተኛው ክሊኒክ መድኃኒት መቼ እንደሚገባ እነግራቸዋለሁ። ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይቀልዳሉ። ስቀመጥ ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ፣ «ዛሬስ እንደ ሚኒስትር ነው የተናገርሽው» ትለኛለች።

እንዲህ እያለን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ተለጠፈ። በበጀት እጥረት ምክንያት የሠራተኞች ሰርቪስ ላልተወሰነ ጊዜ ተቋርጧል ይላል። ምክንያቱን የሚያስረዳ ሌላ ዓረፍተ ነገር የለውም። በማግስቱ ጠዋት፣ እግራችን እንደለመደው፣ ጓደኛዬና እኔ ፌርማታው ላይ ተገናኘን። ሁለታችንም አውቶቡሱ እንደማይመጣ እናውቃለን።

«አንቺ ለምን መጣሽ?» አለችኝ።

«አንቺስ?»

ሳቀች። ከዚያ ሚኒባስ ስንጋፋ ተለያየን፤ እሷ አንዱ ላይ ተሰቀለች፣ እኔ ቀረሁ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር የቤተ ሙከራ ቴክኒሺያን ነበሩ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው። አንድ ጆሯቸው ደህና ስለማይሰማ ሁልጊዜ በግራቸው በኩል ነበር የምቀመጠው። ሰርቪሱ በቀረ ሳምንት ጠርተውኝ፣

«እህቴ፣ ሠራተኛውን ከችግሩ የበለጠ የሚጎዳው የሚነግረው ሲያጣ ነው» አሉኝ። «ያገኘነውን ንገሪ። ምንም ካላገኘን ደግሞ ምንም አላገኘንም ብለሽ ንገሪ። ዝም እንዳትይ።»

እሺ አልኩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እንደሚከብድ ያኔ አልገባኝም።

ከዚያ በኋላ መመላለስ ሆነ። ከግቢው አስተዳደር ወደ ትምህርት ሚኒስቴር፣ ከዚያ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ሰዎች፣ ከእነሱ ተመልሶ ወደ ግቢው። ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነን የቢሮ በር እናያለን። ስብሰባ ላይ ናቸው እንባላለን፤ መስክ ወጥተዋል እንባላለን። ሊቀመንበሩ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በትዕግሥት ይጠብቃሉ። አንድ ጊዜ አንድ ትሑት ወጣት ኃላፊ ተቀብሎ አስቀመጠን፤ ሻይ አስመጣልን።

«ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው» አለ። «ግን ከእንግዲህ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን ገቢ እያመነጩ ነው ይህን መሰል ወጪ የሚሸፍኑት።»

ሊቀመንበሩ በደህናው ጆሯቸው ዘንበል ብለው ሰሙትና፣ «ልጄ፣ መጸዳጃ ቤት የምታጥብ ሴት ምን ገቢ ታመንጭ?» አሉት።

ወጣቱ አቀርቅሮ እስክሪብቶውን አገላበጠ። «ልክ ብለዋል» አለ ቀስ ብሎ። ግን ልክ ብለዋል ብሎ ሸኘን እንጂ ሌላ ነገር አልሰጠንም።

ማለዳ ለአባላት የምናገርበት አውቶቡስ ስለሌለ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈትን። ማታ ራቴን በልቼ፣ ቴሌቪዥኑን ድምፁን ቀንሼ፣ «ውድ አባላት» ብዬ እጀምራለሁ። ዛሬ የት እንደሄድን፣ ማን እንዳነጋገረን፣ ምን እንደተባልን እጽፋለሁ። መጀመሪያ መልሱ ይጎርፍ ነበር። «በርቱ»፣ «ከጎናችሁ ነን»፣ «እንዲህ ብላችሁ ጠይቁልን» ይላሉ። ስልኬ ሲንጫጫ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስለኝና ቶሎ አልተኛም ነበር። እየቆየ ቃላቱ ቀርተው የአውራ ጣት ሥዕል ብቻ ይመጣ ጀመር። ቀጥሎ እሱም ቀረ። እገሌ ከግሩፑ ወጥቷል፣ እገሊት ወጥታለች የሚለውን እያየሁ መጻፌን ቀጠልኩ። «በዚህ ሳምንት አዲስ ነገር የለም» ብዬ ልኬ፣ መልእክቱ ሥር የሚጻፍ ነገር ይኖር እንደሆነ ስልኩን ይዤ እቆይ ነበር።

ግቢ ውስጥም ነገሩ ተለወጠ። በፊት ካፍቴሪያ ስገባ «ዛሬስ ምን ይዘሽ መጣሽ?» ብለው ወንበር ይስቡልኝ ነበር። በኋላ ይኸው አባባል ቀልድ ሆነ። ከዚያ ደግሞ ሻይዬን ይዤ ወደ ጠረጴዛቸው ስጠጋ ወሬያቸው መልኩን ሲለውጥ ማየት ጀመርኩ። አልጠሉኝም። ግን ባዶ እጄን ደጋግሜ መጥቼባቸው ስለነበር ፊቴ ራሱ መጥፎ ዜና ሆኖባቸዋል። ሻይዬን ቤተ መጻሕፍት ይዤ ሄጄ በመደርደሪያዎቹ መካከል መጠጣት ለመድኩ።

ጓደኛዬን ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ላይ አልፎ አልፎ አገኛት ነበር። ከአቃቂ ሚኒባስ፣ ከቃሊቲ ባቡር፣ ከባቡር ወርዶ ደግሞ ሌላ ታክሲ። ከሳች። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቤተ መጻሕፍት መጣች። እዚያ መጥታ ስለማታውቅ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ዝውውር አገኘሁ» አለችኝ። «እዚያው አቃቂ፣ ጤና ጣቢያ። ከቤቴ በእግር።»

«መቼ?»

«ከሰኞ ጀምሮ።» እጄን ያዘችኝ። «አትቀየሚኝ እህቴ። ልጆቼን ተኝተው ትቻቸው እወጣለሁ፣ ተኝተው አገኛቸዋለሁ። ትንሿ ልጄ ወላሂ እንደ እንግዳ ነው የምታየኝ።»

አልተቀየምኩም። ግን አፌ ሌላ ነገር ተናገረ። «ትንሽ ብትታገሺ ጥሩ ነበር» አልኳት። «ማክሰኞ እኮ ቀጠሮ አለን።»

እያዘነች ፈገግ አለች። «አንቺ ዘንድ ሁልጊዜ ማክሰኞ አለ» አለችኝ።

ሸኘኋት። በር ላይ አቅፋኝ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች እየመጡ መጽሐፍ ሲጠይቁኝ የነገሩኝን ርእስ እየረሳሁ ደግመው እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው።

ክረምቱ አለፈ። መስከረም ከገባ በኋላ አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ደወሉልኝ። ሳል ቢያቋርጣቸውም ድምፃቸው ደስ ብሎታል።

«ተፈቅዷል! ሰርቪሱ ተፈቅዷል እህቴ። ነገ አስተዳደሩ ይጠራናል።»

እንቅልፍ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም። በማግስቱ የአስተዳደር ኃላፊው ቢሮ ገባን። ደህና ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ እፎይታ ይነበባል። የተፈቀደው በጀት ከበፊቱ ያነሰ ስለሆነ አውቶቡሶቹ መቀነሳቸውን፣ መስመሮቹም ማጠራቸውን ነገረን። እያንዳንዱን መስመር በጣቱ እያሳየ ሄደና የእኛው ላይ ደረሰ።

«ይኸኛው ቃሊቲ ላይ ያበቃል» አለ። «ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው ትንሽ ነው።»

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ወደ ኃላፊው፤ «የአቃቂ ሰዎችስ?» አሉ።

«ስንት ሰው ቀርቷል?»

ጥያቄው ለእኔ ነበር። በሐሳቤ ፌርማታችን ላይ የሚቆሙትን ሰዎች አየኋቸው። ጸሐፊዋ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ወደ የካ ሄዳለች። የሒሳብ ክፍሉ ሰው ግል ድርጅት ገብቷል። ከጽዳት ሠራተኞቹ አንዷ ወልዳ ሥራ አቁማለች፣ ሌሎቹ ለቀዋል። ጓደኛዬ ጤና ጣቢያ ናት።

«ጥቂት ነን» አልኩ።

ኃላፊው ማኅበሩ ስምምነቱ ላይ እንዲፈርም ጠይቆ ለመማከር ጊዜ ሰጠን። ከቢሮው ውጭ፣ አንድ የጥድ ዛፍ ሥር ቆምን። ሊቀመንበሩ ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ፣

«ካልፈለግሽ አልፈርምም» አሉኝ። «ተመልሰን እንጠይቃለን። እስካሁን ጠብቀን የለ?»

እውነታቸውን ነበር። እኔ አይሆንም ብል ያ ሽማግሌ ሰው ተመልሰው ያ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር። ሳሪስ የምትኖረዋን ነፍሰ ጡር የካፍቴሪያ ሠራተኛ አሰብኩ፤ ባቡር ውስጥ ሆዷን በሁለት እጇ ከልላ ቆማ አይቻት ነበር።

«ይፈርሙ ጋሼ» አልኳቸው።

«ከልብሽ ነው?»

«ይፈርሙ።»

ይህን እንደ ደግነት አልቆጥረውም። ደክሞኝ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ «አገኘን» ብዬ መናገር አምሮኝ ነበር።

አርብ ዕለት ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። አዳራሹ ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም፤ ወሬው ቀድሞ ወጥቷል። መድረክ ላይ ወጣሁና አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ ማኅበሩ የት የት እንደጠየቀ፣ በጀቱ በምን መልክ እንደተፈቀደ፣ የቀረው ጥያቄ ምን እንደሆነ። መስመሮቹን ስጠራ ከየአቅጣጫው እልልታ ተሰማ። «ሳሪስ፣ ቃሊቲ» ስል የካፍቴሪያ ሴቶች ተነስተው አጨበጨቡ። ከቃሊቲ በኋላ ትንፋሼን ወሰድኩ። የምጨምረው ፌርማታ ስላልነበረ ወደሚቀጥለው መስመር አለፍኩ።

ሰው መነሳት ጀምሮ ወንበር ሲንኳኳ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። የአቃቂው ጥበቃ ነበሩ፤ በሰርቪሱ ዘመን ሁልጊዜ ከሹፌሩ ኋላ ይቀመጡ የነበሩት።

«እኛስ ልጄ?» አሉ። «የአቃቂዎቹ?»

ግማሹ ሰው ወጥቷል፣ የቀረው እያወራ ነው። ማይክሮፎኑን ጠጋ አድርጌ፣ «ለጊዜው ቃሊቲ ድረስ ነው አባባ። ጥያቄውን እንቀጥላለን» አልኩ።

«ለጊዜው» አሉ እሳቸውም። «አንቺም እኮ እዚያው ነሽ።»

«ነኝ አባባ።»

«እንግዲያ አንቺን ምን ልበልሽ» አሉና ከዘራቸውን አንስተው ወጡ።

ውጭ ሴቶቹ አቅፈው ሳሙኝ። «እግዜር ይስጥሽ፣ አንቺ ባትኖሪ» አሉኝ። ሻይና ዳቦ ነበር። ሊቀመንበሩ ከሩቅ አይተውኝ ጽዋ እንደሚያነሳ ሰው የሻይ ብርጭቋቸውን ከፍ አደረጉልኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ደስታዬን ግን ማታ ይዤለት የምገባው ሰው አልነበረም። ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት። «ጎሽ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አለችና ልጇን ወደ መቆጣት ተመለሰች።

አሁን ጠዋት ከሰፈር በባጃጅ አስፋልት እወጣለሁ፣ በሚኒባስ ቃሊቲ እደርሳለሁ፣ ከዚያ ሰርቪሱን እይዛለሁ። ማታ ቃሊቲ ላይ ሁሉም ይወርዳል፤ ደህና እደሩ ተባብለን እንበተናለን። እኔ የጅቡቲ መኪኖች አልፈው እስኪጨርሱ ቆሜ መንገዱን እሻገራለሁ፣ ወደ አቃቂ የሚሄደውንም ሰልፍ እይዛለሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኔ የሚቀመጡት በአብዛኛው አዲስ ወጣቶች ናቸው። በጀመርን ሰሞን፣ መንገዱ ሲዘጋ፣ እንደ ድሮው ብረቱን ይዤ ተነሳሁ። «ስለ ክሊኒኩ አንድ ነገር ልንገራችሁ» ብዬ ጀመርኩ። አንድ ልጅ የጆሮ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ነቅሎ በትሕትና፣

«ማዘር፣ አይድከሙ፤ ግሩፑ ላይ ይጻፉት፣ እናየዋለን» አለኝ።

ክፋት የለበትም። ቆሜ ስላየኝ አዝኖልኝ ነው። አመስግኜው ተቀመጥኩ።

ሊቀመንበሩ ጡረታ ወጡ። በሽኝታቸው ቀን ጠጋ ብለው «የአቃቂን ጥያቄ እንዳትተዪው» አሉኝ። አልተውኩትም። በየወሩ የምጽፈው መልእክት ግርጌ ላይ «የአቃቂ መስመር ጥያቄ በሂደት ላይ ነው» እል ነበር። በአንድ ስብሰባ ላይ አዲሱ የሥራ አስፈፃሚ አባል፣ ከአስተማሪዎቹ ወገን የሆነ ወጣት፣ አጀንዳውን ሲያይ ቆም አለ።

«ይቺን ብናወጣት ምን ይመስልሻል?» አለኝ። «ጥበቃውም ጡረታ ወጥተዋል። እዚያ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ሰው ሲያየው የግል ጉዳይ እንዳይመስል ብዬ ነው።»

ሌሎቹ ጠረጴዛውን ያያሉ። ለመልስ ያስቸገረኝ ነገር ልክ መሆኑ ነበር። «እኛ» ይባል የነበረው ጥያቄ መቼ «እኔ» እንደሆነ አላስተዋልኩም።

«ልክ ነህ፣ አውጡት» አልኩ። ወደሚቀጥለው ጉዳይ ሄድን፤ የክሊኒኩ በጀት ነበር፣ እሱንም ደህና አድርጌ ለአባላት ጻፍኩ።

በዚያ ሳምንት እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጓደኛዬ ሱቅ ጎራ አልኩ። እሁድ እሁድ ባሏን ታግዛለች። ከስኳር ጆንያው አጠገብ በርጩማ አቀረበችልኝ፤ ወዟ ተመልሶላታል። የመጀመሪያ ልጇ የጋብቻ ኒካ እንደቀረበ እየሳቀች ነገረችኝ። ከዚያ፣

«ማኅበሩስ? ንገሪኝ እንጂ» አለችኝ።

ልነግራት ጀመርኩ፤ ስለ አዲሶቹ ሰዎች፣ ስለ አጀንዳው። መሀል ላይ አንዲት ሴት ዘይት ልትገዛ መጣች፤ ቀጥሎ ሌላ ሰው ሳሙና። ጓደኛዬ አስተናግዳ ተመለሰችና፣

«እ፣ ምን ነበር ያልሽኝ?» አለች።

ዓይኗ አሁንም በሩ ላይ ነው። አልፈረድኩባትም፤ ያ ሁሉ ከሕይወቷ ወጥቷል።

«ምንም። ደህና ነው» አልኳት። «የኒካውን ንገሪኝ፤ ምን ልትለብሺ ነው?»

ፊቷ በራ። ስለ ቀሚሱ፣ ስለ እንግዶቹ፣ ስለ ሙሽራው ቤተሰብ እስኪመሽ አወራችኝ። አስፋልቱ ድረስ ሸኝታኝ፣ «የሚመጣውም እሁድ ነይ፣ እጠብቅሻለሁ» አለችኝ።

የሚመጣው እሁድ ሄድኩ። እሷ ለሠርጉ ዕቃ ልትገዛ መርካቶ ወጥታ ነበር። ባሏ በርጩማውን አወጣልኝ፣ ለስላሳ ከፈተልኝ፣ «ትመጣለች፣ ትንሽ ጠብቂያት» አለኝ። እሱ ከደንበኞቹ ጋር ሲያወራ እየሰማሁ ለስላሳውን ጠጥቼ ጨረስኩ። ዳመና ስለነበር ዝናብ ሳይመጣ ብዬ ተነሳሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ።